ስም የሌለው ዛፍ ምስክር አይሆንም

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ፣ ልደታ

ካሚዮኑ ከአውሮፕላኑ ሜዳ አጥር ማዶ ቆሞ ያጓራል። ጀርባው ሲሚንቶ ተጭኗል። ሲሚንቶው ላይ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ተቀምጠዋል፤ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ወደ ልደታ ማርያም ዞረው ያማትባሉ። አጠገባቸው እኔ ነኝ። ጭኔ ላይ በእርጥብ ነጠላ የተጠቀለለ ቅርንጫፍ አለ፤ እንደ አራስ ልጅ አቅፌዋለሁ።

ሹፌሩ ቤፔ ይባላል። ሆዱ ከመሪው ጋር የሚታገል፣ የገለባ ባርኔጣ ያደረገ ጣሊያናዊ ነው። አማርኛ የተማረው ከገበያ ሴቶች ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ይላል። እስከ ወሊሶ አድርሶ ሊመልሰን የተስማማው በእትዬ አስካለ አረቄ ነው፤ አንድ ጠርሙስ ስንነሣ፣ አንድ ጠርሙስ ስንመለስ። ሁለቱንም ቀድሞ ፈልጎ ነበር። እትዬ አስካለ ሳቁበትና አንዱን ጋቢያቸው ውስጥ መልሰው ከተቱት።

«ቅርንጫፍ ለምን?» አለኝ ነጠላውን በአገጩ እያመለከተ።

«ስሙን ልጠይቅለት ነው የምሄደው» አልኩት።

ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ወደ እትዬ አስካለ ዞረ። «ይቺ ሲኞሪና ታማለች?»

«የታመምኩትስ እኔ ነኝ፤ ጉልበቴን» አሉት። «እሷ ጤነኛ ናት። ጣጣውም እሱ ነው።»

ከመንገዱ በፊት ነገሩን ልንገር፤ አለበለዚያ ቅርንጫፍ አቅፋ የምትዞር እብድ መስዬ መቅረቴ ነው። ጊዜው ጣሊያን በከተማችን በተቀመጠ በአራተኛው ዓመት፣ የጥር መጨረሻ ነበር። ያኔ እንዲህ ያለ ወሬ ጋዜጣ ላይ ማውጣት አይታሰብም። ዛሬ ይታሰባል፤ እኔም እጽፋለሁ።

ጓሯችን ውስጥ፣ ከማድቤቱ አጠገብ፣ አባቴ የተከለው ዛፍ አለ። አባቴ በጅማ መንገድ በቅሎ እየነዳ ቡና የሚያመላልስ ሲራራ ነጋዴ ነበር። ፍሬውን በኮርቻ ከረጢቱ ይዞት መጣ፣ ቀበረው፤ ችግኙ ቁመቴን ሳያክል እሱ አረፈ። ስሙን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ዛፉም ዓመታት ሙሉ ቅጠል ብቻ ሆኖ ኖረ። ዐምና በድንገት ወይን ጠጅ የመሰለ አበባ አንጠለጠለ። ዘንድሮ ደግሞ አዲሱ አበባ ብቅ ሲል የዐምናው ፍሬ እንደ ጩቤ ሰገባ ረዝሞ፣ ጠፍጥፎ፣ ቡናማ ሆኖ ደርቆ ነበር።

በጥር ድንጋዩ ጀመረ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የቤታችን ቆርቆሮ ጧ ይላል፤ ከዚያ አንድ ነገር እየተንከባለለ ይወርዳል። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል ይታወቃል፤ ሰይጣን ቤቱን በድንጋይ እየደበደበ ነው። ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ዓይኑን ይመታል ስለሚባል ማንም ቀና አይልም። እናቴ በር ዘግታ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች። ቄስ ተጠርተው መጡና ጣራውን፣ ዛፉን፣ እኛንም በጠበል አራሱን። ያን ቀን ጸጥ አለ። በማግስቱም ጸጥ አለ። እናቴ ደስ ብሏት ለቄሱ ምሳ ላከች። ከዚያ ፀሐዩ በረታና ጧ። እትዬ አስካለ ጠበሉ አንሷል ብለው ፈረዱ።

ችግሩ ድምፁን የሰማነው እኛ ብቻ አለመሆናችን ነው። የአውሮፕላኑ ሜዳ ዘበኞችም ሰሙት፤ እነሱ ደግሞ የሚጠረጥሩት ጠመንጃ እንጂ ሰይጣን አይደለም። ካራቢኔሪዎች፣ የጣሊያን ፖሊሶች፣ መጡ። ወለሉን ቆፈሩ፣ ፍራሹን ቀደዱ፣ የጤፉን ጎታ ገለበጡ። አንዲት ቀለህ እንኳ አላገኙም። ቢሆንም ወንድሜን ኃይሉን ወሰዱት። ኃይሉ ልብስ ሰፊ ነው፤ እኔ እስከማውቀው በእጁ የያዘው ስለታም ነገር መርፌና መቀስ ብቻ ነበር። የጣቢያው አዛዥ፣ ማሬሻሎው፣ ለእናቴ የነገራት አጭር ነው። እስከ ቅዳሜ ጠመንጃው ከመጣ ልጁ ይፈታል። ካልመጣ ቅዳሜ ጠዋት ከሌሎቹ እስረኞች ጋር ተጭኖ ይሄዳል። እንዲያ ተጭኖ የተመለሰ ሰው ሰፈራችን አላየም።

ያን ዕለት መሰላል አቁሜ ጣራው ላይ ወጣሁ። እናቴ ከታች ሆና ዓይንሽን ዓይንሽን ትላለች። ድንጋይ የሚባል ነገር የለም። ያገኘሁት እንደ ተጠመዘዘ ጠፍር የዞረ የሰገባ ግማሽና እንደ ባቄላ ጠፍጣፋ የሆነ ቀይ ፍሬ ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ ተበትኗል። ሰይጣን ፍሬ ይወረውራል ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

አበባም ሰገባም ያለበት ቅርንጫፍ ቆርጬ፣ እንዳይጠወልግ በእርጥብ ነጠላ ጠቅልዬ ወደ ጣቢያው ሮጥኩ። አንዱን ሰገባ ማሬሻሎው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ፤ የተኮሰው ይኸውና አልኩ። ሁላችንም ጠበቅን። ሰገባው ዝም አለ። አንደኛው ወታደር ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ለጠፈበት፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ማሬሻሎው እንባውን ጠርጎ አንድ ነገር ጠየቀ። አስተርጓሚው ወደ አማርኛ መለሰው።

«ዛፉ ማን ይባላል?»

«አላውቅም።»

«ስም የሌለው ዛፍ ምስክር አይሆንም ብለዋል። ስሙንና አገሩን አምጪ፤ ሲተኩስም አሳይን።»

እሱ ለቀልድ ተናገረው። እኔ ግን እንደ ውል ያዝኩት።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ፣ ዓለም ገና

ኬላ። ከፊታችን የከብት መንጋና ገለባ የጫኑ አህዮች ተሰልፈዋል፤ የሁላችንም ፊት በሲሚንቶ ነጭ ሆኗል። ወታደሩ ነጠላዬን ፈትቶ ቅርንጫፉን በሰንጢ ነካካው፤ ከዚያ የእትዬ አስካለን የይለፍ ፈቃድ አየ። ፈቃዱ ለወሊሶ ፍል ውሃ ነው፤ እኔ ደጋፊያቸው ተብዬ ተጽፌያለሁ። ወሊሶን የመረጥነው ለጉልበታቸው ብቻ አይደለም። አባቴ ከጅማ ሲመለስ በቅሎዎቹን የሚያሳርፈው ፍል ውሃው አጠገብ እንደነበር እናቴ ታስታውሳለች። ከዛፉ አገር ያለን ፍንጭ ይኸው ብቻ ነው።

ኬላው ሥር ሽምብራ ቆሎ የሚሸጥ ሰውዬ አበባውን ገና ከሩቅ ሲያየው ኮርች ነው አለ።  ወዲያው ግን ራሱ ከበስተኋላው ያለውን ኮርች አሳየኝ። አበባው እንደ ፍም ቀይ፣ ግንዱ እሾሃም። የኔን ዛፍ ግንድ ልጅ ሆኜ በባዶ እግሬ ወጥቼበታለሁ፤ እሾህ የለውም።

«ቀለም ምን ያደርግልሻል?» አለኝ ሰውዬው ተቆጥቶ። «ሰውም ቀይና ጥቁር አለው።»

ቆሎውን ገዝቼ ተሳፈርኩ።

ሰበታን እንዳለፍን ሜዳው ይከፈታል። ጤፉ ታጭዶ ክምሩ በየቦታው ቆሟል፤ አውድማ ላይ በሬዎች ይዞራሉ፤ ነፋሱ እብቁን እያነሣ ፊታችን ላይ ይረጨዋል። ጣሊያን የሠራው መንገድ ቀጥ ብሎ ይሄድና ድልድዩ ጋ ሲደርስ ገና ያላለቀ ይሆናል፤ ካሚዮኑ ወንዝ ውስጥ ይገባል፣ እትዬ አስካለ የሚያውቋቸውን ታቦታት ሁሉ ይጠራሉ። እኔ ነጠላውን ገለጥ አድርጌ አበባዬን አያለሁ። ትምህርት ቤታችን በጦርነቱ እስኪዘጋ ድረስ አበባ እየበታተንን ክፍሉን እንድንለይ የምታደርገን መምህርት ነበረችን። ያኔ አሰልቺ ሥራ ይመስለኝ ነበር። አሁን አንዱን አበባ በጥፍሬ ፈታሁት። ከላይ እንደ ባንዲራ የተዘረጋ አንድ ሰፊ ቅጠል አለው፤ በጎንና በጎን ሁለት ክንፍ፤ ከታች እንደ ታንኳ የገጠመ። የአተር አበባ ነው፤ ወይን ጠጅ የለበሰ ትልቅ የአተር አበባ። ሰገባውን በጣቴ ዳበስኩት፤ እንደ ከፋይ ጨርቅ ለስላሳ ጠጉር አለው። ቅጠሉ በአንድ ዘንግ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወርድና ጫፉ ላይ አንድ ብቻውን ይቀራል። ስሙን ባላውቅም መልኩን ከእንግዲህ አልስተውም።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ፣ ቱሉ ቦሎ

ጎማ ፈነዳ። ሲፈነዳ ቤፔ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀበረ፤ አርበኞች የሚጠብቁት መንገድ ነው ይላል፣ ምንም እንኳ እሱ የሚላቸው ሽፍታ ቢሆንም። ጎማው እስኪቀየር ከአንድ ሻይ ቤት ጥላ ሥር ተቀመጥን። ጾም ነው፤ ሽሮና ቃሪያ አቀረቡልን።

ባለቤቱ ፈርጣማ ሰው ነው፤ ቅርንጫፌን ተቀብሎ ሰሳ ነው አለ። የት አለ አልኩት፤ ከቤቱ ኋላ ወሰደኝ። ሰሳው ቆንጆ ዛፍ ነው፣ ጃንጥላ ይመስላል። አበባው ግን የክር ዘርፍ የመሰለ፣ ባንዲራም ክንፍም የሌለው ነው፤ ሰገባውም እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ በነፋስ ይንሿሿል። አይደለም አልኩት።

ስመለስ እትዬ አስካለ ጉልበታቸውን እያሹ ይጠብቁኛል። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስሚ አልማዝ። ሰሳ ነው ብለሽ ተመለሺ። ጣሊያን ሰሳና ዋርካ አይለይም።»

«እሱ ባይለይ የሚለይ ያመጣል፤ የእርሻ ሹም አላቸው። ከዋሸሁ ኃይሉ ነው የሚጫነው።»

«ባታገኚውስ?»

 ቃሪያውን ዋጥ አድርጌ ቅርንጫፉ ላይ ውሃ አርከፈከፍኩ።

ረቡዕ አመሻሽ፣ ወሊሶ

ወሊሶ የደረስነው ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስትንሸራተት ነው። ከፍል ውሃው የሚነሣው እንፋሎት በዛፎቹ መሃል ይጎተታል። ሴቶች እግራቸውን ነክረው ያወራሉ። እትዬ አስካለ በእነሱው በኦሮምኛ ሰላምታ ሲሰጡ ቦታ ተለቀቀላቸው፤ ውሃው ጉልበታቸውን ሲነካው ዓይናቸውን ጨፍነው ለዚህስ ሲሚንቶም ይበላል አሉ።

ነጠላዬን ፈታሁ። አበባው ሞቷል። ባንዲራውም ክንፉም አንድ ላይ ተጣብቆ ጥቁር ሆኗል፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳርከፈክፍለት የበሰለ ጎመን አድርጌዋለሁ። ሴቶቹ ተቀባበሉትና ትከሻቸውን ነቀነቁ። ሰገባውን አንዷ ሽታ ወንዝ ዳር ያየሁ ይመስለኛል አለች፤ ሌላዋ ወንዝ ዳር ምን የማይታይ አለ ብላ ዘጋችው። አበባ የሌለው ምስክር ይዤ፣ ነገ ሐሙስ፣ ከነገ ወዲያ ዓርብ። በንዴት ድንጋይ አንሥቼ እንፋሎቱ ውስጥ ወረወርኩ። እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ሰይጣኑስ አንቺ ነሽ አሉኝ።

ሐሙስ፣ ወንዙ ዳር

ጠዋት የወንዙን ዳር ይዘን ወረድን። እትዬ አስካለ በምርኩዝ፣ እኔ በሩጫ፤ እየሮጥኩ ሄጄ እመለስባቸዋለሁ፣ ደግሞ እሮጣለሁ። ዋንዛ አየሁ፣ ዶቅማ አየሁ፣ ሾላ አየሁ። ከዚያ ከማየቴ በፊት ሰማሁ፤ ንብ። አንድ ቁልቁለት ላይ አየሩ ራሱ የሚዘምር ይመስላል። ቀና አልኩ።

ሙሉ ዛፍ ወይን ጠጅ። ሥሩ ያለው መሬት ሳይቀር በረገፈ አበባ ወይን ጠጅ ሆኗል። ቅርንጫፉ ላይ ቀፎዎች ተሰቅለዋል። የእኛ የልደታው ዛፍ ከዚህ አጠገብ ቢቆም የልጅ ልጅ ነው የሚሆነው።

አልጮህኩም። መምህርታችን ችኩል እጅ አበባ ያበላሻል ትል ነበር። አንድ የረገፈ አበባ አንሥቼ በጥፍሬ ፈታሁት። ባንዲራው አለ። ሁለቱ ክንፎች አሉ። ታንኳው ገጥሟል። ቅጠሉን ሳብኩ፤ ጥንድ ጥንድ ወርዶ ጫፉ ላይ አንድ ብቻውን። ሰገባውን ከኔ ሰገባ ጎን አደረግኩት፤ ከፋዩም ቡናማውም ቁመቱም። ሣሩን በረበርኩ፤ የተጠመዘዘው ግማሽና ጠፍጣፋው ቀይ ፍሬ ከጣራችን ላይ የለቀምኩት ራሱ ነው።

ያኔ ጮህኩ። እትዬ አስካለ እባብ የነደፈኝ መስሏቸው ምርኩዛቸውን ጥለው መጡ፤ ድንጋጤው እስኪያልፍላቸው ድረስ ጉልበታቸውን ረስተውት ነበር።

የቀፎዎቹ ባለቤት አደ ጫልቱ ትባላለች፤ ጩኸቱን ሰምታ ከቤቷ ወጣች። ስሙን ስጠይቃት የጤንነቴን ነገር እንደ ቤፔ ተጠራጠረች። በኦሮምኛ ሶታሎ ነው አለች፤ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ነጋዴዎች ግን ብርብራ ይሉታል።

ብርብራ። ለራሴ ደጋግሜ አልኩት።

«ይተኩሳል?» ብዬ ጠየቅኳት።

አደ ጫልቱ እስኪበቃት ሳቀች። ትርጉሙን ያቀበሉኝ እትዬ አስካለ ናቸው። «በጥር ቀትር ላይ ከሥሩ የሚቀመጥ አማቷ ብቻ ነው ትላለች። እሱንም ግንባሩን ብሎታል።»

ፍሬውን ዓሣ ለማስከር ይጠቀሙበታል። ወቅጠው ወንዝ ውስጥ ሲበትኑት ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ሰገባው ሳይፈነዳ ይለቅሙትና ክዳን ባለው ቅርጫት ከትተው ድንጋይ ይጭኑበታል። ድንጋዩ ለምንድን ነው አልኩ። ሲሞቀው ክዳኑን ስለሚያነሣው አለች።

ሲሞቀው። በእጄ የያዝኩትን እርጥብ ነጠላ አየሁ። ቄሱ ጠበል የረጩ ቀን ዛፉ ዝም አለ፤ በማግስቱም ዝም አለ፤ ደርቆ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ጮኸ። እኔም የማሬሻሎው ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩት ውሃ የጠጣ ሰገባ ነበር። ምስክሬን አፉን ለጉሜ ነው ችሎት ያቀረብኩት። ይህን ለእትዬ አስካለ ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ጠበሉ ሠርቷል» አሉ። «አነሰ ማለቴም ልክ ነበር።»

አደ ጫልቱ አዲስ አበባ ድረስ መጥታ እንድትመሰክርልኝ ለመንኳት። ንቦቿን ጥላ ካራቢኔሪ ልትጎበኝ እንደማትሄድ ገለጸችልኝ፤ አልፈረድኩባትም። ደረቅ ሰገባ ግን ቅርጫት ሙሉ ሰጠችኝ፤ ክዳኑንም በጠፍር አሰረችልኝ።

ዓርብ፣ መልስ መንገድ

ካሚዮኑ አሁን የጫነው ማገዶ ነው። ቅርጫቱን ግንዲላው ላይ፣ ፀሐይ የሚመታው ቦታ አስቀምጫለሁ። ደመና ሲመጣ እሳደባለሁ። ሰበታ ልንገባ ስንል ቅርጫቱ ውስጥ ጧ አለ፤ ተከትሎም ጧ፣ ጧ።

ካሚዮኑ ተንሸራቶ ቆመ። የቤፔ በር ተከፈተ፣ ባርኔጣው ወደቀ፣ ሆዱን እንዴት እንዳሳለፈው እንጃ እንጂ ከካሚዮኑ ሥር ገባ። እትዬ አስካለ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ውጣ፤ ባቄላ ነው» አሉት።

ወጥቶ ቅርጫቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ሰገባ አንሥቶ አገላበጠ። ከዚያ እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ ሙሉ ፊቱ ይሠራል። አጋጣሚው እንዳያመልጠኝ ነገ ጣቢያው መጥቶ ያየውን እንዲናገርልኝ ጠየቅኩት። ሳቁ ቆመ።

«ሲኞሪና፣ እኔ ካራቢኔሪ አላውቅም። ካራቢኔሪም እኔን ባያውቀኝ ይሻላል።»

ከየትኛው መጋዘን ተሰርቆ የወጣ ሲሚንቶ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ልደታ ሲያወርደን ሁለተኛውን ጠርሙስ ተቀበለና ለዛፉ ብሎ ጨለጠ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ልደታ

ጠዋቱ ብርድ ነው። የማርያም ግቢ ዛፎች ላይ ጉም ተንጠልጥሏል። የሚተኩሰው ፍሬዬ ፀሐይ ይፈልጋል፤ የእስረኞቹ ካሚዮን ደግሞ ፀሐይ አይጠብቅም። ጣቢያው ግቢ ስንገባ ሞተሩ ተነሥቶ እየሞቀ ነው። እስረኞቹ ተሰልፈዋል፤ ኃይሉ ከመሃል ነው፣ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተቀዷል። ልብስ ሰፊ ወንድሜ በተቀደደ ሸሚዝ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰረች።

ማሬሻሎው ሲያየኝ ከሩቁ ሳቀ። አስተርጓሚው ቀድሞ መጣ።

«ዛፏ መጣች። ስም አገኘሽለት?»

«ብርብራ ይባላል» አልኩ። «አገሩ ወሊሶ፣ ወንዝ ዳር። አበባው የአተር አበባ፣ ፍሬው ሰገባ። የእርሻ ሹማቸውን ጠርተው ይጠይቁ። መተኮሱን ደግሞ አሁን ያዩታል።»

ማሬሻሎው ጠረጴዛውን ሊያሳየኝ ወደ ውስጥ እጁን ዘረጋ። እኔ ግን ዓይኔ ካሚዮኑ ላይ ነበር። የሞተሩ ኮፈን ከብርዱ የተነሣ ይጨሳል፤ ብረት ነው፣ ግሏል። ማንንም ሳልጠይቅ ሄጄ ሰገባዎቹን እዚያ ላይ ደረደርኳቸው። አንዱ ወታደር ሊገፋኝ መጣ። ማሬሻሎው ተዋት አለው፤ ቲያትሩ እንዳይቋረጥበት ፈልጓል።

ጠበቅን። ወታደሮቹ ተጠጉ፤ ያ በፊት ጆሮውን የለጠፈው ጎንበስ ብሎ እንደገና ለጠፈ፣ ሌሎቹ ሳቁ። እስረኞቹን መጫን ጀመሩ። የፊተኛው ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። ኃይሉ አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ አድርጎ ወደኔ ዞረ፤ ተዪው እህቴ የሚል ፊት ነበረው፤ ከሁሉ ያናደደኝ እሱ ነው። እትዬ አስካለ አጠገቤ ሆነው ለሰገባዎቹ በኦሮምኛ ያጉረመርማሉ፤ ልመና ይሁን እርግማን አላወቅኩም።

ጧ።

ጆሮውን የለጠፈው ወታደር ባርኔጣው ወዲያ፣ እሱ ወዲህ። ጧ፤ ሁለቱ ዘበኞች መሬት ላይ ተዘረጉ። ጧ፣ ጧ፤ አንዱ ጠመንጃውን ደግኖ የትኛውን ጠላት እንደሚመታ ጠፍቶት ይዞራል፤ አስተርጓሚው እናቴ ቀሚስ ኋላ ገብቷል። ፍሬዎቹ የጣቢያውን ቆርቆሮ እየደበደቡ ይንከባለላሉ፤ ልክ እንደኛ ቤት። ማሬሻሎውን ፈለግኩት፤ የበሩ መቃን ሥር በጉልበቱ ቆሞ፣ እጁን አናቱ ላይ ጭኗል።

ቀጥ ብለው የቆሙት እስረኞቹ ብቻ ነበሩ። መጀመሪያ የሳቀው ኃይሉ ነው። ከዚያ ካሚዮኑ ላይ ያሉትም፣ እናቴም፣ አጥሩ ላይ የተንጠለጠለው ሰፈርተኛም። እንደዚያ ያለ ሳቅ ከጣሊያን መግባት ወዲህ ልደታ ሰምታ አታውቅም።

ማሬሻሎው ተነሣ። ጉልበቱን አራገፈ። ወደ ኮፈኑ መጥቶ አንድ ቀይ ፍሬ አነሣ፣ በጣቱ አገላበጠው፣ ኪሱ ከተተው። የሁሉንም ፊት ተራ በተራ አየ፤ ይህን የሰማ የበላይ አለቃ ምን እንደሚለው የሚያስብ ይመስለኛል። ለረጅም ጊዜ ያሰበውን በአጭሩ ተናገረ፤ አስተርጓሚው ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ወጥቶ አቀበለን።

«ልብስ ሰፊው ይውረድ ብለዋል። ዛፉ መሆኑ ተረጋግጧል። ስሙን ድገሚልኝ፣ ይጻፍ።»

«ብርብራ» አልኩ፤ ከአጥሩ ማዶም እንዲሰማ አድርጌ።

ሌሎቹን እስረኞች ወሰዷቸው። ለእነሱ የሚተኩስ ዛፍ አልነበረኝም። ካሚዮኑ ከግቢ ሲወጣ አንደኛው እስረኛ ሰገባ አንሥቶ ኮፍያው ላይ ሰክቶ አየሁት።

ቅዳሜ ቀትር፣ ቤት

በእግራችን ተመለስን። ጉሙ ተገፏል፣ ፀሐዩ መጥቷል። ጓሮ ስንገባ ዛፉ ጣራችንን ጧ አደረገው። እናቴ ከልማድ የተነሣ ልታማትብ እጇን አነሣች፤ ከዚያ ተወችው፤ ቀና ብላ አየችው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እዚያ ዛፍ ሥር ቀና ብላ ስታይ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከአውሮፕላኑ ሜዳ ዘበኛው አንገቱን በአጥሩ ላይ አወጣ። ኃይሉ ስሙን ጮኾ ነገረው፤ ዘበኛውም አውቆ አንገቱን መለሰ።

ከዚያ ወዲያ ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ልደታ ውስጥ ጧ ያለ ነገር ሁሉ ብርብራ ሆነ። ጎማ ቢፈነዳ ብርብራ፣ በር ቢላጋ ብርብራ፤ ወደ ወንዙ በኩል አንዳንድ ምሽት የሚሰማውንም ነገር ሰፈሩ በአንድ ቃል ብርብራ አለው። ጣቢያው መዝገብ ላይ ስለተጻፈ መጥቶ የሚቆፍር አልነበረም።

ጣሊያን የወጣ ዕለት ሰው ሁሉ ከየጓሮው የቀበረውን ጠመንጃ አወጣ። ሰማዩ ተናወጠ። የሰገባ ወቅት አልነበረም፤ ዛፉ ላይ አንድ ደረቅ ፍሬ አልቀረም። እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ላይ አድርገው ለሚያልፉት ካራቢኔሪዎች አይዟችሁ ብርብራ ነው ይላሉ። ድንገት ከራሳችን ጓሮ ጧ አለ። ሮጬ ገባሁ። ኃይሉ ከዛፉ ሥር ቆሟል፤ ሥሩ ዙሪያ ያለው አፈር ተቆፍሯል፤ ትከሻው ላይ ያለውን ነገር በዕድሜዬ አይቼው አላውቅም። እናቴ ግን ምንም አልገረማትም።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ስሙን ያመጣሽለት አንቺ አይደለሽም?» አለኝ።